የጸደይ ጕዞ ወደ ቡልጋርያ፤ ቀኑን ከመቍረጥ በፊት ስለ መማከር

ወደ ሩቅ አገር ለመጓዝ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «የት ልሂድ?» ብሎ ነው። «መቼ ልሂድ?» የሚለውን ግን ለመሥሪያ ቤቱ የዕረፍት ሰሌዳ ወይም ለአይሮፕላን ትኬት ዋጋ ይተወዋል። ነገር ግን አንድ አገር በዓመት ውስጥ መልኩን አራት ጊዜ የሚለዋውጥ ስለ ሆነ፤ ስፍራውን መርጦ ወራቱን ያልመረጠ መንገደኛ የጕዞውን እኵሌታ ብቻ እንዳሰበ ይቈጠራል። ይህን ነገር ባለፉት ሳምንታት በአንድ ቤት ውስጥ በግልጥ ስላየነው፤ ለአንባቢዎቻችን ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን እንደሚከተለው ጽፈነዋል።

ከወዳጆቻችን አንዱ በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። እርሳቸውም ባለቤታቸውን፣ የ11 ዓመት ወንድ ልጃቸውንና የ8 ዓመት ሴት ልጃቸውን፣ እንዲሁም ወላጅ እናታቸውን ይዘው በ2019 ዓ.ም. ጸደይ ቡልጋርያን ለማየት አስበው ምክር ጠየቁን። ለመንገዱ የሚሆነው ገንዘብ በአያሌ ዓመት ቍጠባ የተጠራቀመ ነው፤ እናታቸውም በዕድሜ የገፉ ናቸው። ስለዚህ ይህ ጕዞ ለመላው ቤተ ሰብ በአንድነት የመጀመሪያው፤ ምናልባትም የመጨረሻው እንደሚሆን አልሸሸጉንም። ሊሰጣቸው የሚችለው ዕረፍትም ከ12 ቀን የሚበልጥ አይደለም።

ቡልጋርያ በባልካን ምድር ላይ የምትገኝ አገር ናት። ስፋቷ ወደ 111,000 ኪሎ ሜትር ካሬ ሲሆን፤ በሰሜን የዳኑብ ወንዝ ከሩማንያ ይለያታል፤ በምሥራቅ ጥቍር ባሕር ያዋስናታል፤ በደቡብ ግሪክና ቱርክ፤ በምዕራብም ሰርብያና ሰሜን መቄዶንያ ይገኛሉ። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አገሩን ለሁለት የሚከፍለው ረጅም ተራራ ባልካን ይባላል፤ መላው ምድርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ተራራ ነው። በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለው በሪላ ተራራ ውስጥ የሚገኘው ሙሳላ የተባለው ራስ 2,925 ሜትር ከፍታ ስላለው በባልካን ምድር ካሉት ሁሉ የሚበልጥ ነው።

ወደዚህ አገር የሚሄድ ሕዝብ የሚበዛው በሁለት ወራት ነው። በክረምታቸው በበረዶ ላይ መንሸራተት የሚወዱት ወደ ተራራው ይወጣሉ፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ሙቀት ፈላጊው ሁሉ ወደ ጥቍር ባሕር ዳር ይጐርፋል፤ የማደሪያውም ዋጋ በዚያን ጊዜ ይወደዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ጸደይ ግን ለቤተ ሰብ የተመቸ ነው። በአባቶቻችን አቈጣጠር ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወራት ስለ ሆነ፤ ቡልጋርያ የምታብብበት ጊዜ ከዚህ ስም ጋራ ይስማማል።

ይሁን እንጂ ጸደይ ሁሉ አንድ አይደለም። ቡልጋሮች መጋቢታቸውን «ባባ ማርታ»፤ ማለት አያት ማርታ ይሉታል፤ አንድ ጊዜ የምትስቅ፤ አንድ ጊዜ የምትቈጣ አሮጊት ናት ይላሉ። በወሩም የመጀመሪያ ቀን «ማርተኒትሳ» የሚባለውን ከቀይና ከነጭ ክር የተገመደ ጌጥ በእጃቸው ወይም በልብሳቸው ላይ ያስራሉ። ራዛ የሚባለውን ወፍ ወይም ያበበ ዛፍ እስኪያዩ ድረስ አይፈቱትም። ከዚህ ልማድ የምንማረው የመጋቢቱና የሚያዝያው አየር የማይታመን መሆኑን ነው። በግንቦት አየሩ ይለዝባል፤ በዋና ከተማይቱ በሶፍያ ቀኑ ወደ 20 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሌሊቱ ግን ብርድ አለው። ግንቦትና ሰኔ በሶፍያ ዝናብ የሚበዛባቸው ወራት እንደ ሆኑም ማወቅ ይገባል፤ ጃንጥላ ሳይዝ የሄደ ሰው አገሩን ሳይሆን ራሱን ይውቀስ።

ከዚህ በኋላ የቤተ ሰቡን ፍላጎት ጠየቅን። ወዳጃችን የታሪክ መጻሕፍት የሚወዱ ስለ ሆኑ የሮማውያንን ፍርስራሽ ማየት ፈለጉ። ባለቤታቸው የጽጌረዳውን ሸለቆ አሉ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ባሕር!» አሉ። ስለ እናታቸው የመለሱት ግን ልጃቸው ናቸው፤ «እናቴ ፋሲካን በሪላ ገዳም እንዲያከብሩ እወዳለሁ፤ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ የላቸውም» አሉ። እኛም ነገሩ መልካም መስሎን ይህን መሠረት አድርገን ማቀድ ጀመርን።

ሐሳቡ እንዲያው የተነሣ አልነበረም። የቡልጋርያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቋሚ በዓላቷን ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲሱ አቈጣጠር ብታከብርም፤ ፋሲካን ግን እስከ ዛሬ የምታወጣው በጥንቱ ሒሳብ ነው፤ ስለዚህ የእነርሱ ፋሲካና የእኛ ፋሲካ በአንድ ቀን ይውላል። በ2019 ዓ.ም. ሚያዝያ 24፤ ማለት ሜይ 2 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ሌሊት ሕዝቡ ጧፍ ይዞ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይሰበሰባል፤ ቀይ የተቀባ እንቍላል ይዘው እርስ በርሳቸው ያጋጫሉ፤ ሳይሰበር የቀረለትም ሰው ዓመቱን በጤና ይከርማል ይባላል። «ኮዙናክ» የሚባል ጣፋጭ ዳቦም ይቈረሳል። ከአራት ቀን በኋላ ሜይ 6 የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ሲሆን፤ በየቤቱ የበግ ጠቦት ይጠበሳል። የሪላ ገዳምም መሠረቱ ከዐሥረኛው መቶ ዓመት ከቅዱስ ዮሐንስ ዘሪላ ነው፤ በ1833 እ.ኤ.አ. በእሳት ተቃጥሎ እንደ ገና የታነጸ፤ የቅዱሱም ዐፅም ያረፈበት ስፍራ ነው።

ዳሩ ግን ቀኑን ስንመረምር ሦስት ችግር አገኘን። የመጀመሪያው፤ የፋሲካው ቀኖች፣ የሠራተኞች ቀንና የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል በአንድ ሳምንት ስለ ተደራረቡ፤ ያገሩ ሰው ራሱ ለዕረፍት ይወጣል፤ ጸጥታና ርካሽ ማደሪያ ይገኝበታል የተባለው ወራት በዚያ ሳምንት ሁለቱንም ያጣል። ሁለተኛው፤ ጽጌረዳው በዚያን ጊዜ ገና እንቡጥ ነው፤ ለቀማው የሚጀመረው ከሜይ እኵሌታ ወዲህ ሲሆን እስከ ጁን እኵሌታ ይቈያል። ሦስተኛው፤ በጥቍር ባሕር ውስጥ የሚዋኝበት ሙቀት የሚገኘው ከጁን በኋላ ነው፤ በሜይ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ በባሕሩ ዳር ካሉት ማደሪያዎችም ብዙዎቹ አይከፈቱም። እንግዲህ ፋሲካን ከጽጌረዳ፤ ጽጌረዳንም ከባሕር ጋራ በ12 ቀን ማገናኘት አይቻልም። አንዱን የወደደ ሌላውን መተው አለበት።

እኛም የመሰለንን ተናገርን፤ «ጽጌረዳ በየዓመቱ ያብባል፤ እናት ግን በየዓመቱ አይገኙም፤ ስለዚህ ፋሲካው ይቅደም» አልን። ወዳጃችን ተስማሙ። ባለቤታቸውም ፊታቸው ቢደበዝዝም ስለ አማታቸው ክብር ብለው ዝም አሉ። ልጆቹ ግን አኰረፉ።

በማግሥቱ እሑድ ቡና ሲፈላ እናቲቱ ከተቀመጡበት ሆነው ይህን ሁሉ ሰሙ። ከዚያም እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፤ ይህ ሁሉ ለእኔ ተብሎ ከሆነ ተዉት። ፋሲካን የሚያህል ቀን ቤቴን ዘግቼ ወዴት እሄዳለሁ? ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የጦሙ ጎረቤቶቼ የሚፈስኩት እኔ ዘንድ ነው። የክርስትና ልጆቼ ዳቦ ይዘው የሚመጡት ያን ቀን ነው። ፋሲካን በሰው አገር ከምውል ባልሄድ ይሻለኛል።»

ልጃቸው ደንግጠው፤ «ታዲያ እናቴ፤ እርስዎ ምን ማየት ይወዳሉ?» ብለው ጠየቁ። ይህ ጥያቄ በቤቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቀው ያን ዕለት ነበር። እናቲቱም ጥቂት አስበው፤ «ፊደል የሚከበርበት ቀን አለ ስትሉ ሰምቻለሁ። እኔ ፊደል የቈጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፤ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ለፊደል በዓል የሚያደርግ አገር ካለ እርሱን አሳዩኝ» አሉ።

በእውነቱ እንዲህ ያለ ቀን አለ። ቡልጋሮች በየዓመቱ ሜይ 24 ቀን የፊደላቸውን፣ የትምህርታቸውንና የሥነ ጽሑፋቸውን በዓል ያከብራሉ፤ ሥራም አይሠራበትም። በዘጠነኛው መቶ ዓመት ከተሰሎንቄ የተነሡት ሁለት ወንድማማቾች ቅዱስ ቄርሎስና ቅዱስ መቶድዮስ ለስላቭ ሕዝብ የመጀመሪያውን ፊደል አወጡ። ደቀ መዛሙርታቸው ወደ ቡልጋርያ ከመጡ በኋላ ዛሬ በብዙ አገር የሚጻፍበት የቄርሎስ ፊደል የሚባለው በዚያ ተስፋፋ። ቡልጋርያ በ2007 እ.ኤ.አ. በኤውሮፓ ኅብረት ስትገባ ይህ ፊደል ከላቲንና ከግሪክ ቀጥሎ የኅብረቱ ሦስተኛ ፊደል ሆነ። በበዓሉ ቀን ተማሪዎች አበባ ይዘው፤ የሁለቱን ቅዱሳን ሥዕል አስቀድመው በየከተማው በሰልፍ ያልፋሉ። የራሱ ፊደል ላለው ለእኛ ሕዝብ ይህ እንግዳ ሆኖ የማይታይ ደስታ ነው።

ከዚህ በኋላ ዕቅዱ በአንድ ጊዜ ተቃና። ሜይ 24 በ2027 እ.ኤ.አ. ሰኞ ነው፤ በእኛ ግንቦት 16 ቀን 2019 ዓ.ም. ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ጽጌረዳው ይለቀማል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጦምበት ስለ ሆነ፤ እናቲቱ በሰው አገር ስለ ምግብ የሚቸገሩበት ነገር የለም። እግረ መንገዳችንን ለሌላ ጊዜ ተጓዦች እንንገር፤ በቡልጋርያ የጦም ምግብ «ፖስትኖ» ይባላል፤ ይህን አንድ ቃል ያወቀ ሰው የባቄላ ሾርባም ሆነ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ሊያገኝ ይችላል።

መንገዱም እንዲህ ተቀየሰ። ግንቦት 9 ቀን ሶፍያ ገብተው ሦስት ሌሊት ያድራሉ። በከተማይቱ ውስጥ በ1912 እ.ኤ.አ. ሥራው የተፈጸመውን የአሌክሳንደር ኔቭስኪን ካቴድራል፤ በቪቶሻ ተራራ ሥርም በ1259 እ.ኤ.አ. የተሣሉ የግድግዳ ሥዕሎች ያሉባትን የቦያናን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ያያሉ። ከሦስቱ ቀን አንዱ ለሪላ ገዳም ነው፤ መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ማልዶ ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። እናቲቱ ፋሲካን በዚያ ባያከብሩም የቅዱሱን ስፍራ ተሳልመው ጧፍ ያበራሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ከእነርሱ ጋራ በቍርባን አንድ ስላልሆነች ከቍርባኑ አይካፈሉም፤ ነገር ግን ለጸሎት የሚቆም እንግዳ አይከለከልም። በገዳሙ በላይ ያሉት ሰባቱ የሪላ ሐይቆች የታወቁ ቢሆኑም በሜይ ገና በረዶ ስላላቸው ከዕቅዱ ወጥተዋል።

ከዚያም ሁለት ሌሊት በፕሎቭዲቭ ያድራሉ። ይህች ከተማ እጅግ ጥንታዊት ስትሆን፤ ከሁለት ሺህ ዓመት ጥቂት የሚያንስ ዕድሜ ያለው የሮማውያን ቴያትር በመካከልዋ አለ፤ ዛሬም በበጋ ዘፈንና ጨዋታ ይታይበታል። ወዳጃችን የፈለጉት ፍርስራሽ ይህ ነው። ለልጆቹ ደግሞ በባሕሩ ፈንታ ሌላ ነገር ተገኘላቸው። ከሴፕቴምቭሪ ጣቢያ ተነሥቶ በተራራ መካከል 125 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፤ ሐዲዱ ጠባብ የሆነ ትንሽ ምድር ባቡር አለ። መንገዱን ለመጨረስ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ለአያታቸው ድካም እንዳይሆን እስከ ቬሊንግራድ ብቻ ሄደው ይመለሳሉ። ቬሊንግራድ በፍል ውሃዋ የታወቀች ስለ ሆነች፤ ልጆቹ ባቡራቸውን፤ አያቲቱም ለጕልበታቸው ፍል ውሃውን ያገኛሉ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ኵርፊያቸውን ተዉ።

ቀጥሎ ሦስት ሌሊት በካዛንላክ ነው። በዚህ ሸለቆ የሚበቅለው የደማስቆ ጽጌረዳ ነው፤ ለቀማውም ጎሕ ሲቀድ ተጀምሮ በረፋድ ያበቃል፤ ፀሐይ ከበረታች በአበባው ውስጥ ያለው ዘይት ይተንናልና። አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማውጣት ከ3,000 ኪሎ የሚበልጥ አበባ ያስፈልጋል። ብርዱ በቈየበት ዓመት ለቀማው ስለሚዘገይ፤ ወይዘሮዋ የተመኙትን ሳያዩ እንዳይመለሱ ብለን ሦስት ሌሊት ሰጠነው። በከተማይቱ አጠገብ በ1944 እ.ኤ.አ. የተገኘ የጥንት ትራቃውያን መቃብር አለ፤ ሥዕሉ እንዳይበላሽ ጎብኚዎች ብዙ ጊዜ የሚገቡት በአጠገቡ በተሠራው ምሳሌው ውስጥ ነው። የፊደሉ በዓል ሰልፍ በዚሁ ከተማ ይጠብቃቸዋል።

ከካዛንላክ በሺፕካ በር የባልካንን ተራራ ተሻግረው፤ ከ1185 እስከ 1393 እ.ኤ.አ. የቡልጋርያ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችው በቬሊኮ ታርኖቮ ሁለት ሌሊት ያድራሉ። ከዚያም ወደ ሶፍያ ተመልሰው ግንቦት 20 ቀን ወደ አገራቸው ይነሣሉ።

አንድ ብርቱ ችግር ቀርቶ ነበር፤ እርሱም ትምህርት ነው። በግንቦት ልጆች ከክፍላቸው መለየት የለባቸውም። ወላጆቹ ይህን ሸሽገው በበሽታ አላመካኙም፤ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደው እውነቱን ተናገሩ። ፈተናው በሰኔ ስለ ሆነ፤ ልጆቹ መጻሕፍታቸውን ይዘው እንዲሄዱና ስለ ፊደሉ በዓል ያዩትን ጽፈው ለክፍላቸው እንዲያነብቡ ተብሎ ተፈቀደላቸው። ፈቃድ ባይገኝ ኖሮ ጕዞው ወደ ሐምሌ ሊዘገይ፤ ልጆቹ ባሕሩን ሊያዩ፤ እናታቸው ግን ጽጌረዳውን ሊያጡ ነበር።

ስለ ወረቀትና ስለ ገንዘብም አንዳንድ ነገር እንጨምር። ቡልጋርያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሼንገን ስምምነት ፈጽማ የገባች ስለ ሆነች፤ ቪዛው የሼንገን ነው። ማመልከቻው ከጕዞው ቀን ስድስት ወር ቀደም ብሎ ሊቀርብ ይችላል፤ ከ15 ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀር ግን አይሆንም። የቪዛው ዋጋ ለአዋቂ 90፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው። የሕክምና መድንም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ያገሩ ገንዘብ ሌቭ ይባል ነበር፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ዩሮ ስለ ሆነ፤ በሌቭ የተጻፈውን አሮጌ መምሪያ ይዞ ዋጋ የሚያሰላ ሰው ይሳሳታል።

ከልማዳቸውም አንዱን ልጆቹ አስቀድመው ቢያውቁ መልካም ነው። ቡልጋር «አዎን» ሲል ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዛል፤ «አይደለም» ሲል ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቃል። ዳቦ አለ ወይ ብሎ ጠይቆ የባለ ሱቁን ራስ ብቻ ያየ ሰው ጦሙን ያድራል። ሰዓትን በሚመለከት ግን ችግር የለም፤ በጸደይና በበጋ የቡልጋርያ ሰዓት ከኢትዮጵያ ሰዓት ጋራ እኩል ስለ ሆነ፤ እናቲቱ የእጅ ሰዓታቸውን ሳይነኩ ደርሰው ይመለሳሉ።

ከዚህ ሁሉ የተማርነው እኛም ነን። ስለ ፋሲካው የሰጠነው ምክር ከክብር የመነጨ ነበር፤ ዳሩ ግን የምናከብራቸውን ሰው ራሳቸውን አልጠየቅንም። ሽማግሌ ለሆኑ ወላጆቻችን ምን እንደሚሻላቸው እናውቃለን ብለን ስንወስንላቸው፤ ብዙ ጊዜ የራሳችንን ምኞት በእነርሱ ስም እንናገራለን። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፤ ትኬቱ ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ይባክን፤ እናቲቱም ልጃቸውን ላለማሳዘን ሲሉ ፋሲካን በሰው አገር በዝምታ ይውሉ ነበር።

ስለዚህ ጕዞ የሚያስቡ አንባቢዎቻችን አስቀድመው የበዓላቱን፣ የአየሩንና የትምህርት ቤቱን ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከዚያም ከታናሹ እስከ ታላቁ የቤቱን ሰው ሁሉ «የማትተወው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። እናቲቱ አሁን አንድ አሮጌ ደብተር አውጥተው ከልጅ ልጃቸው ጋራ የቄርሎስን ፊደል ይቈጥራሉ። እስከ ትናንት ዐሥራ ሁለቱን ለይተዋል፤ «ከሠላሳው የቀሩትን በእግዚአብሔር ፈቃድ እስከ ግንቦት እጨርሳቸዋለሁ» ብለውናል።